3 ለ 0 እየመራን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ? ደግሞስ ረቡዕ የት ነው የምናየው?

የካዛንቺሱ አርሴ፦
እንኳን ለሆሳዕና አደረሳችሁ መድፈኞች፣ የአርሴናል ልጆች። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የኳስ ነው፣ አንዱ የኑሮ።

የኳሱ ይሄ ነው። በቻምፒየንስ ሊጉ ሩብ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ሪያል ማድሪድን በሜዳችን ኤምሬትስ ላይ 3 ለ 0 ስንረታ እኔም እንደ ሁላችሁ ጮኬ ጮኬ ድምፄ ተዘግቷል። ራይስ እኮ ከቅጣት ምት በቀጥታ አንድም ጎል አግብቶ የማያውቅ ልጅ ነው፣ በ12 ደቂቃ ልዩነት ሁለት! የመጀመሪያዋ ግድግዳውን በውጪ በኩል ዞራ ስትገባ በረኛቸው ኮርቱዋ ተወርውሮም አልደረሰባትም፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ላይኛው ማዕዘን ላይ ነው የተሰካችው። ከዚያ ሜሪኖ ጨረሰው። እስከዚህ ደስ ይላል። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ቢሮ ውስጥ ሰው የሚያወራው ስለ ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ ፒኤስጂ ይሻለናል ወይስ ቪላ ተብሎ ክርክር ተጀምሯል፣ በማድሪድ ሜዳ ቤርናቤው ላይ ገና 90 ደቂቃ እንደሚቀረን የሚያነሳ የለም። ትናንት ደግሞ ብሬንትፎርድን በሜዳችን እየመራን 1 ለ 1 ወጣን። እሺ፣ ሊጉን ሊቨርፑል በልቶታል፣ የአሰልጣኛችን የአርቴታም ሐሳብ ረቡዕ ላይ ነው። ግን መርቶ መያዝ ያቃተው ቡድን አይቼ ነው ያደርኩት።

ሁለተኛው ጥያቄ። ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ነው፣ ሕማማት። ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል። እማዬ ከወዲሁ «በሰሙነ ሕማማት ኳስ ቤት ሄደህ ልትጮህ ነው?» ብላኛለች፣ መልስም አልነበረኝም። ሌላው ችግር ድሮ የማይበት ቤት ከነሰፈሩ ፈርሷል። ካዛንቺስ ሳለን ከቤት በሸበጥ ወጥተን ነበር የምናየው፣ አሁን ልጆቹ ሁሉ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፣ መገናኛችን መሃል ከተማ ብቻ ነው። ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ባለው መሃል፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር የሚያስነሳ ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ። በ80ኛው ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ መደወል ከእንግዲህ አልችልም።

ሳሊባን አትንኩ፦
ወንድሜ፣ ጤነኛ ነህ። የአርሴ ደጋፊ ሆኖ ያልፈራ ሰው ነው መመርመር ያለበት። ግን የምንፈራውን እንለይ።

ሂሳቡን እንይ። ማድሪድ 3 ካገባ ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ በ90 ደቂቃ ለመጨረስ 4 ይፈልጋል። እኛ አንዲት ካገባን ተጨማሪ ሰዓት ለመድረስ ብቻ 4፣ ለማለፍ 5 ማግባት አለባቸው። ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል የሚበልጥበት ደንብ ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ ቀርቷል፣ ስለዚህ ድሮ እንደነበረው ጎላችን ድርብ ጥቅም የላትም። ቢሆንም ቤርናቤው ላይ አንዲት ጎል ከገባች ያ ሁሉ ሰው ጸጥ ይላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ማድሪድ አይደለም። «እንጠብቀው» የሚባለው ነገር ነው። ተከላካያችን ጋብሬል የለም፣ ኪዊዮር ነው የሚገባው። ልጁ በመጀመሪያው ጨዋታ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ግን አሥር ሰው ሳጥናችን አፍ ላይ ደርድረን ኳስ መጥረግ ከጀመርን፣ ያኔ ቪኒሲየስና ምባፔ እየተመላለሱ ይመጣሉ፣ አንድ ፔናሊቲ ይገኛል፣ ከዚያ ስታዲየሙ ይነሳል። በፈረንጆቹ 2022 ማንቸስተር ሲቲ እዚያው ቤርናቤው ላይ እስከ 90ኛው ደቂቃ ድረስ በደርሶ መልስ ውጤት 5 ለ 3 እየመራ ነበር። ሮድሪጎ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ። ተጨማሪ ሰዓት ላይ ቤንዜማ በፔናሊቲ ቀበራቸው። አሰልጣኛቸው ጋርዲዮላ እንኳ ፊቱን ማየት ያሳዝን ነበር።

መፍትሔው ሜዳውን ወደ እነሱ መግፋት ነው። ሳካ ተመልሷል፣ ከኋላቸው ክፍት ቦታ ይተዋሉ፣ የግድ ማጥቃት አለባቸውና። ይሄ ወር ደግሞ እነሱም ቢሆኑ ያፈስሳሉ። በስፔን የንጉሡ ዋንጫ ሶሲዳድ እዚያው ቤርናቤው ላይ 4 አግብቶባቸዋል፣ ያለፉት በተጨማሪ ሰዓት ነው። ቫሌንሲያም እዚያው መጥቶ 2 ለ 1 አሸንፏቸው ሄዷል። ካማቪንጋ በቀይ ካርዱ ምክንያት አይኖርም፣ ቹዋሜኒ ግን ቅጣቱን ጨርሶ ይመለሳል።

ነጩ ማልያ፦
ይቅርታ በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ስትንቀጠቀጡ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

15 ጊዜ ይሄን ዋንጫ ያነሳ ቤት ነው የምትሄዱት። እናንተ ስንት አላችሁ? እ? ዎልፍስበርግ በፈረንጆቹ 2016 2 ለ 0 አሸንፎን መጣ፣ ሮናልዶ ብቻውን ሦስት አግብቶ ሸኘው። ደርቢ የሚባል የእንግሊዝ ቡድን በ1975 4 ለ 1 ረትቶን ነበር፣ ቤርናቤው ላይ 5 ለ 1 ሆኖ አለቀ። ረሞንታዳ፣ ማለትም ከኋላ ተነስቶ ውጤት መገልበጥ፣ ለእኛ ባህል ነው።

ደግሞ ምባፔ ዛሬ አላቬስ ላይ ቀይ አየ ብላችሁ የምትጨፍሩትን አይቻለሁ። ያ የላሊጋ ቅጣት ነው። ረቡዕ ይጫወታል፣ ያውም ተናዶ።

ሳሊባን አትንኩ፦
1975? አባትህ ተወልደው ነበር? ዎልፍስበርግ ደግሞ 2 ለ 0 ነው፣ እኛ 3 ነን። በቻምፒየንስ ሊግ ዘመን የሦስት ጎል ዕዳ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? አትጥፋ፣ ሐሙስ ጠዋት እዚሁ እንገናኝ።

የድሮ ስታዲየም፦
ልጆች፣ ትንሽ ተንፍሱ።

እኔ ማድሪድን አልፈራም፣ ምክንያቱም ቤርናቤው ላይ ስናሸንፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2006፣ ሄንሪ ከመሃል ሜዳ ጀምሮ እየገፋ ሄዶ ያገባት ናት። ሃይበሪ ላይ 0 ለ 0 ወጥተን አለፍን። ከእኛ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ ማድሪድን ያሸነፈ የእንግሊዝ ክለብ አልነበረም። እሷን እያሰብኩ ነው ረቡዕን የምጠብቀው።

ፍርሃት ካላችሁ ግን የዚያኑ ዓመት ፍጻሜ ልንገራችሁ። ፓሪስ ላይ፣ ከባርሴሎና ጋር፣ በረኛችን ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ካምቤል በጭንቅላት አገባ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ነው። ኤቶ በ76ኛው፣ ቤሌቲ ከአራት ደቂቃ በኋላ አገቡብን። አሥር ሰው ሆነን ምን ማድረግ እንችል ነበር ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው። ረቡዕ ግን 11 ነን።

የራሳችንንስ ረሳችሁት? በእኛ አቆጣጠር በ2006 ጥቅምት ላይ፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ፣ ናይጄሪያን እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም በበኃይሉ አሰፋ ጎል እየመራን ነበር። እኔ ቆሜ ነው ያየሁት፣ መቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ኤመኒኬ አቻ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ በፔናሊቲ 2 ለ 1። የመልሱን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ ብራዚል ቀረች። ሰው ከስታዲየም ሲወጣ ማንም ከማንም አላወራም፣ እስከ ለገሃር ድረስ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነበር። ሄንሪ ካገባት በቀር 2006 የሚሉት ዓመት በፈረንጁም በእኛም አልሆነልኝም።

ያ ስታዲየም ዛሬ የብሔራዊ ቡድኑን ጨዋታ አያስተናግድም፣ «በሜዳችን» የምንለውንም ሰው አገር ሄደን ነው የምንጫወተው። በእኛው 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበት ሜዳ ነው። እሱን ካነሳሁ እናደዳለሁ፣ ይቅር።

ቀይ በነጭ፦
ጋሼ፣ ሄንሪን ሲያነሱ አንጀቴን አራሱት። እድሜ ይስጥልን።

የካዛንቺሱ፣ ስለ እናትህ ልንገርህ። እኔም ቤት ያለው ጉዳይ አንድ ነው። ሕማማትን ቀን እሰግዳለሁ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ እህል እቀምሳለሁ፣ ማታ ደግሞ ኳሷን አያለሁ። ንስሐ አባቴን አልጠየቅኳቸውም፣ መልሱን ስለማውቀው ነው። ግን ኳስ ቤት አልሄድም። አንደኛ ነገር በሕማማት መሳሳም የለም፣ ጎል ሲገባ ማንን ልታቅፍ ነው? ሁለተኛው የማታው ነገር ነው። በ90 ደቂቃ ካለቀ 6 ሰዓት ገደማ ትወጣለህ፣ ተጨማሪ ሰዓትና ፔናሊቲ ከመጣ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ታክሲ የለም። ራይድ የሚጠይቀው ገንዘብ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሌላ ነው። ለእናንተ ለወንዶቹ ይቀላል፣ በእግራችሁም ትገባላችሁ። ለሴት ግን ከጨዋታው በላይ የሚያሳስበው መመለሻው ነው፣ ይሄን ሁሌ የምትረሱት ነገር ነው።

ቤት ማየትም ታዲያ መከራ አለው። እኔ በስልክ ነው የማየው፣ ጎረቤታችን በዲሽ። ባለፈው ማክሰኞ ራይስ ገና ኳሷን ሣር ላይ እያስቀመጠ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ ከግድግዳው ማዶ «ጎ...ል!» ተባለ። እኔ ቁጭ ብዬ ግድግዳው ሲሰለፍ፣ ኮርቱዋ ሲጮህ፣ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ አያለሁ፣ ውጤቱን አውቄዋለሁ እኮ! ሁለተኛዋም እንደዚያው። ለረቡዕ ጎረቤቴን በሕማማት ስም እንዲታገስልኝ ልለምነው አስቤያለሁ።

በኳሱ ጉዳይ፣ ልዊስ ስኬሊን አምነዋለሁ። የ18 ዓመት ልጅ ነው፣ ማድሪድ ይሁን የሰፈር ቡድን የሚለይ አይመስለኝም። ለሜሪኖ ያቀበላትን አይታችኋል።

አብዱ ዘፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቦታውን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፣ ሁሉም ታክቲክ ነው የሚያወራው።

ፒያሳ እንደምታውቁት ብዙው ፈርሷል፣ እኛም የለመድነውን ቤት አጥተናል። አሁን የማየው ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ነው፣ ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ለገሃር ስትሄዱ ወደ ውስጥ የምትገባ መንገድ አለች። ቤቷ ጠባብ ናት። ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ ጄነሬተሩም ይሠራል፣ ግን ለማስነሳት ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ይሄን አውቃችሁ ኑ። የቀደመ ወንበር ያገኛል፣ የዘገየ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ባለቤቱ የጾም ሰው ስለሆነ በሕማማት ቢራ አያቀርብም፣ ሻይና ለስላሳ ብቻ። መግቢያው ላይ አንድ ለስላሳ ታስቦ ነው፣ ስለዚህ አትከራከሩት። ድምፁንም ለሰፈሩ ሲል ይቀንሰዋል። ለእማዬ ይሄን ንገራት፣ ምናልባት ትለሳለስ ይሆናል።

እኛ ረመዳንን በሰላም ጨርሰናል፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰግዱ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እኔ ከ2 ሰዓት ጀምሬ ሄጄ ቦታ እይዛለሁ። በረመዳን እናንተ እኮ ነበራችሁ ለእኔ የምትይዙልኝ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ከአምስት በላይ ግን ባለቤቱ አይፈቅድልኝም።

የካዛንቺሱ አርሴ፦
አብዱ፣ ጌታ ይስጥህ ወንድሜ። እኔን አንድ ብለህ ቁጠረኝ፣ የድሮ የሰፈሬ ልጆችም ሁለት ይሆናሉ፣ አንዱ ከአያት ሰፈር ነው የሚመጣው። ለእማዬ ቢራ የለም፣ ድምፁም ይቀነሳል አልኳት። «እዚያ ቁጭ ብለህ ኪርያላይሶን ልትል ነው እንግዲህ» ብላ ሳቀች። ሂድም አላለችም፣ ቅርም አላለችም።

ጋሼ፣ የናይጄሪያዋን ባያነሷት ይሻል ነበር፣ ሌሊቱን እሷን ሳስብ ነው የማድረው። ሳሊባን አትንኩ፣ በሐሳብህ ተስማምቻለሁ። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ጎል ሳይገባብን ካለፍን እነሱ ይቸኩላሉ፣ ያኔ ሳካን መልቀቅ ነው። በረኛችን ራያ ግን እባክህ ኳሷን አጭር አቀብላለሁ እያልክ አታሳብደን።

ነጩ ማልያ፦
እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣ አብዱ፣ ያቺ ቤት ማድሪድ ታስገባለች? የእኔም ሰፈር ፈርሷል።

አብዱ ዘፒያሳ፦
ታስገባለች። ማልያውን ግን ጃኬት ደርብበት። ወንበርም አልይዝልህም።

የድሮ ስታዲየም፦
አብዱ፣ እኔንም ጨምረኝ። ጉልበቴ ሳጥን አይችልም፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ፈልግልኝ።

ቀይ በነጭ፦
ከእናንተ ውስጥ መኪና ያለው፣ ከጨዋታው በኋላ ወደ አራት ኪሎ የሚመለስ አለ? ካለ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ። የነዳጁን እካፈላለሁ።