ለአሮጌ ሆንዳ የሚሆን ማርሚታ

ሰላም፣ ከሐዋሳ ነኝ። የአባቴ ሆንዳ ሲቢ 350 ሞተር ሳይክል አለችኝ። ማርሚታዋን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ዝገት በልቶታል። ወፈር ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ፤ ሐይቁ ዳር ስነዳ ግን መሰደብ አልፈልግም። አንድ በያጅ «ውስጡን እናውጣው» ይለኛል። ልስማው?

— ኧረ ተው ወንድሜ! እኔ አስወጥቼ አይቻለሁ። ያተረፍኩት ጩኸት ብቻ ነው። እጄን ከነዳጅ ሳነሳ ጧ ጧ ትላለች። ካንዴላዋን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን) ስፈታ ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። የካርቡራተሩን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በትልቅ ከቀየርኩ በኋላ ነው የተረጋጋችው። ረዘም ያለ፣ ውስጡ የተበሳሳ ቱቦና ድምፅ የሚያፍን ፋይበር ያለው ፈልግ።

— የጭስ ቱቦው ከሞተሩ የሚገጥምበትን ጋስኬትም (ማሸጊያ) ቀይር። እሱ አየር ካስገባም ትተኩሳለች።

— ሁለቱን የጭስ ቱቦ ወደ አንድ ላጣምርስ?

— ክብደት ይቀንስልሃል። እኔ ግን ለዓይን ሁለቱ ይሻለኛል።