ከቦሌ ዋሽንግተን መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት፦ ለምን?

የኮዬዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ በሰኔ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው፤ እህቴ ልትወልድ ስለሆነ ልታርሳት። ትኬቱ ላይ ከቦሌ መነሻ 22:45፣ ዳላስ (የዋሽንግተኑ ኤርፖርት እንጂ የቴክሳሱ ከተማ አይደለም) መድረሻ በማግስቱ 08:30 ይላል። በእኛ ከማታ 4:45 እስከ ጠዋት 2:30 መሆኑ ነው። እማዬ በጣቷ ቆጥራ «አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላም!» ብላ ደስ ብሏታል። መመለሻው 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ይገባል። እሱ ደግሞ 20 ሰዓት ሊሆን ነው። ትኬት የቆረጠልን ልጅ ግን «መሄጃው 17 ገደማ፣ መመለሻው 13» አለን። ጭራሽ የተገላቢጦሽ! መንገዱ ያው አይደለም እንዴ? እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ነው የምጨቀጭቃችሁ። ደግሞ ያለነው ኮዬ ፈጬ ነው። ሹፌሮቹ በማታ ኮዬ ሲባሉ ስልኩን ጆሯችን ላይ ይዘጉታል። በስንት ሰዓት እንውጣ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጁ ልክ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በሰኔ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። እናትሽ ከቦሌ ሲነሱ እዚህ ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 9:45 ነው። ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት 2:30 ቁጠሪ፦ 16 ሰዓት ከ45። ለመመለሻው ከ20 ላይ 7 ቀንሺ። በክረምታቸው፣ ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ፣ ልዩነቱ 8 ይሆናል።

ማኮብኮቢያ፦ የመሄጃውን ትርፍ አራት ሰዓት በዋናነት የበላው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል። ዋሽንግተን ደግሞ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ሰውና ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ ከቦሌ መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። የአየርላንዷ ደብሊንም የቶጎዋ ሎሜም ለዚህ አገልግለዋል። መውረዱ፣ መሙላቱ፣ እንደገና መውጣቱ ጊዜ ይፈጃል። ዳላስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ ጢም ብሎ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ከላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲመለስ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ይታገለዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ቦታው ሲመረጥ አንዱ ነገር ይኸው ነው። ለእናትሽ ግን አይደርስላቸውም።

የኮዬዋ፦ አሁን ገባኝ፣ ተባረኩ። ነዳጅ ሲሞላ ትወርዳለች?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ የመጣሁ ጊዜ ማንም አልወረደም። የጽዳት ሠራተኞች ገብተው ሲያጸዱ እግራችንን እያነሳን ጠበቅናቸው። መተላለፊያው ዳር ያለ መቀመጫ ያዢላቸው፣ እየተነሱ ወዲህ ወዲያ ይበሉ። ዊልቸር ደግሞ አሁኑኑ በትኬት ቆራጩ በኩል ይመዝገብ። ዳላስ ላይ የፓስፖርቱ ሰልፍ በዚያ ጉልበት አይሞከርም።

ቱሉ ዲምቱ፦ ጎረቤት ነን። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ነው፤ ማታ 1:45 ቦሌ ሁኑ። ከቤት 12 ሰዓት ውጡ። ብዙው መኪና በዚያ ሰዓት ከከተማ ወደ እኛ ነው የሚመጣው፣ ግን ጎሮ ላይ መቆማችሁ አይቀርም። መኪናውን ከሰፈር ሰው በቀን ተነጋግረሽ ያዢ። ሻንጣው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ነው። የአራስ ቤት ጉዞ ስለሆነ የገንፎ ዱቄቱ ብቻውን አንዱን ይሞላዋል፣ ቤት መዝኑት።