ለዘር ያስቀመጥኩት የዱባ ፍሬ ሻገተብኝ

በደንብ የበሰለ ትልቅ ዱባ መርጬ ለዘር ብዬ 60 ያህል ፍሬ አወጣሁ። አጥቤ፣ የሚያሙለጨልጨውን አስለቅቄ፣ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ 4 ቀን አሰጣሁት። ላዩ ሲደርቅ በቃ ብዬ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከተትኩት።

በ3ኛው ሳምንት ሳየው ጠርሙሱ ከውስጥ አልቦት ነበር። እታች ያሉት ፍሬዎች አረንጓዴ ሻጋታ ይዟቸዋል። እነሱን ለቅሜ ጣልኩ። ከቀሩት 5ቱን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ብሞክር በ8 ቀን 3ቱ በቀሉ፤ ደስ አለኝ፣ ዘሩ አልሞተም ማለት ነው።

አሁን 30 ፍሬ ቀርቶኛል። አንዱን ባጥፈው እንደ ቆዳ ይለመጣል እንጂ ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ምድጃ አጠገብ እንዳላደርገው ሙቀት ዘሩን ይገድለዋል። የምኖርበት ቤት ደግሞ እርጥበት አለው። መዝሪያው ገና 4 ወር ይቀረዋል።

እርጥበት ባለው ቤት ውስጥ፣ ያለ እሳት፣ እስከ ውስጡ እንዴት ላድርቀው?