የወርቁ ፒክ ጠፋብኝ፣ ነገ ጠዋት ውጤት ይፈለጋል!

የማራኪዋ፦
ከጎንደር ነኝ። ኪቶሳን (ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ፣ ወርቅ የሚስብ ዱቄት) የተቀላቀለበት ካርቦን ፔስት ኤሌክትሮድ (የካርቦን ዱቄት በፓራፊን የተለወሰበት) ይዤ በአሸዋ ናሙና ውስጥ ያለውን ወርቅ በስትሪፒንግ፣ ማለትም ወርቁን ኤሌክትሮዱ ላይ ሰብስቤ በቮልት መልሼ እያሟሟሁ፣ እየለካሁ ነው። ትናንት 50 ማይክሮግራም በሊትር ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ የወርቅ መፍትሔ) 0.9 ቮልት አካባቢ ጥርት ያለ ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣ ጉብታ) ሰጠኝ። ዛሬ ናሙናው ላይ ባዶ መስመር ብቻ! ኪቶሳኑ ተበላሽቷል፤ ሌላ ለማዘዝ ደግሞ ጊዜ የለም። ምን ላድርግ?

ፒያሳ27፦
ፓራፊኑ ካለ ሰሙ አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ወርቁ ነው 😂 ፒያሳ ወርቅ ቤት ውሰጂው፣ ድንጋይ ላይ ፈትገው ይነግሩሻል።

አዘዞ_ኬሚስት፦
የወርቅ ቤቱ ድንጋይ ካራት ይለያል እንጂ ማይክሮግራም አያይም። የኤሌክትሮዱን ፊት አድሺው፦ ፔስቱን አንድ ሚሊሜትር ያህል ገፍተሽ ቁረጪና ንጹሕ ወረቀት ላይ እስኪያብለጨልጭ አለስልሺ። ካለፈው ልኬት የቀረ ወርቅም አብሮ ይወገዳል።

ጋሽ_ቮልት፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ወርቅ በክሎራይድ ውስጥ ቴትራክሎሮኦሬት የሚባል ኔጋቲቭ አዮን ነው። የኪቶሳን አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ክፍሉ) በአሲድ ፕሮቶን ተቀብሎ ፖዚቲቭ ይሆንና ይስበዋል። ስለዚህ አሲድም ክሎራይድም ያስፈልጋሉ። ክሎራይዱ ካነሰ ፒኩ ወደ ላይኛው ቮልት ይሸሻል፤ ስካኑን (ቮልቱን ከፍ እያደረግሽ የምትለኪውን) 1.0 ላይ ካቆምሽው ሳታይው ያልፋል። እስከ 1.2 ውሰጂው። የሬፈረንስ (ማነጻጸሪያ) ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ እንዳይኖርም እዪ።

ቀሃ_ማዶ፦
ፊቱን አድሺው። ፔስት ሁሌም ችግሩ ፊቱ ነው።

ሳሙና_በር፦
እህቴ፣ ኪቶሳን በአንድ ሌሊት አይበላሽም፤ በአሲድ ግን ይሟሟል። እንዳይሟሟ በግሉታራልዴሃይድ አስተሳስረሽዋል? ናሙናውንስ በምን አሟሟሽው?

የማራኪዋ፦
አላስተሳሰርኩም። ግን ትናንት ሠርቷል እኮ! ናሙናው በአኳ ሬጂያ ነው፣ 3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ ለ 1 እጅ ናይትሪክ አሲድ። ከዚያ ወተር ባዝ ላይ አትንኜ በውሃ ሞላሁት።

ሳሙና_በር፦
ይኸው! ትናንት የሠራው ንጹሕ አሲድ ውስጥ ስለነበር ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ነው፤ ወተር ባዝሽ ከዚያ አያልፍም፣ ናይትሪክ አሲዱም ተጠርጎ አልወጣም። የቀረው ናይትሪክ ከክሎራይድ ጋር ሆኖ ኤሌክትሮዱ ላይ የተቀመጠውን ወርቅ መልሶ ያሟሟዋል።

መጀመሪያ አጣሪ፦ ኤሌክትሮዱን 50 ማይክሮግራም ስታንዳርድ ባለው 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ክተቺው። ፒኩ ከመጣ ጥፋቱ የናሙናው ነው። ስታንዳርዱ የዛሬ ይሁን፤ ቀጭን የወርቅ መፍትሔ ካደረ ዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ናሙናውን ሁድ (ጭስ መሳቢያ) ውስጥ ሆት ፕሌት ላይ አትንኚው። ሊደርቅ ሲል 2 ሚሊሊትር ያልተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ ጨምሪ፣ እንደገና አትንኚ፣ ሦስት ጊዜ። ጨርሶ እንዳይደርቅና እንዳያር! ወርቁ ወደ ጠጣር ወርቅነት ከተመለሰ ሃይድሮክሎሪክ ብቻውን አያሟሟውም። ከዚያ በውሃ ሳይሆን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ ሙዪው።

ብረት የበዛበት አሸዋ ከሆነ ናሙናው ውስጥ ስካን አታድርጊ። ቮልት ሳትሰጪ 5 ደቂቃ እያማሰልሽ ወርቁን ሰብስቢ፣ ኤሌክትሮዱን አለቅልቂ፣ ንጹሕ አሲድ ውስጥ አዛውሪው፣ በኔጋቲቭ 0.2 ቮልት 30 ሰከንድ አቆይተሽ ወደ ላይ ስካን። በቀጭን አሲድ ብረቱ ፖዚቲቭ ስለሆነ ኪቶሳኑ አይዘውም፤ ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል። መጠኑን በስታንዳርድ አዲሽን (ናሙናው ላይ የታወቀ ወርቅ እየጨመርሽ በመለካት) አውጪ፣ በትናንቱ ካሊብሬሽን አይሆንም።

ጋሽ_ቮልት፦
ኪቶሳኑን ማስተሳሰሩም አይቅር፤ ግን ግሉታራልዴሃይድ ሲበዛ አሚኖቹን ይበላቸዋል፣ ፒኩም ያንሳል።

ፒያሳ27፦
በውሃ ሞልታው ወርቅ ትፈልጋለች 😂

የማራኪዋ፦
አመሰግናለሁ! ሆት ፕሌቱን ለኮስኩ፣ መብራት ሄደ። ሲመጣ እሞክራለሁ።

ቀሃ_ማዶ፦
እስኪመጣ ፊቱን አድሺው።