ላፕቶፑ ይነቃል፣ የኔትወርክ ካርዱ ግን አይነቃም

ዶሮ_ሳይጮህ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ነው የምጠቀመው፣ ኢንተርኔቱ በገመድ ነው። ሳበራው ሁሉም ሰላም ነው። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ግን ኔትወርክ የለም። ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንኳ ጠፍታለች። ሪስታርት ሳደርገው ይመለሳል። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) በሞድፕሮብ ትእዛዝ አውጥቼ መልሼ ጫንኩት፤ ወይ ፍንክች! ግንኙነቱን የሚያስተዳድረውን ኔትወርክ ማኔጀርንም ሪስታርት አደረግኩት። እሱ ምስኪን ምን ያድርግ። ችግሩ የመጣው ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ ነው።

ገላጋይ፦
ወንድሜ፣ እኔ ጨርሶ እንዳይተኛ አድርጌው ተገላግያለሁ።

ዶሮ_ሳይጮህ፦
እህትህ ነኝ። ባትሪዬንስ ማን ይገላግለው?

ባለሎግ፦
ሎጉን (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን መልእክት) ከታች ወደ ላይ እንዳታነቢው። ሰው ሁሉ የመጨረሻውን ስህተት ይዞ ይሮጣል፤ እሱ ግን የመጀመሪያው ውላጅ ነው። ዲሜሴጅ (የከርነሉ ሎግ) ውስጥ ከእንቅልፍ የነቃበትን ቦታ ፈልጊና ካርዱ መጀመሪያ የተጠራበትን መስመር ለጥፊልን። ደግሞ የእንቅልፉን ዓይነት የሚያሳየውን ሜም_ስሊፕ የሚለውን ፋይል ክፈቺ። በቅንፍ ውስጥ ያለው ዲፕ (ጥልቁ እንቅልፍ) ነው ወይስ ኤስ2አይድል (ቀለል ያለው)? ክዳን መክፈትና መዝጋቱንም ተዪው። አርቲሲዌክ የሚባለው ትእዛዝ በ20 ሰከንድ አስተኝቶ ያነቃልሻል።

ዶሮ_ሳይጮህ፦
ኤስ2አይድል ነው። የመጀመሪያው መስመር ደግሞ ካርዱን ከዲ3ኮልድ ወደ ዲ0 መመለስ አልተቻለም፣ አይገኝም ይላል። ከሱ በታች ድራይቨሩ ያነበበው ቁጥር በሙሉ ኤፍ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ነው።

ባለሎግ፦
በቃ፣ ድራይቨሩን ስታወጪና ስታስገቢ የከረምሽው ለዚህ ነው ያልሠራው። ያ ሁሉ ኤፍ የካርዱ መልስ አይደለም። ፒሲአይ (ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ላይ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ የሚነበበው እሱ ነው። ዲ0 ማለት ሙሉ በሙሉ ነቅቷል ማለት ነው። ዲ3ሆት ላይ ይተኛል፣ ኤሌክትሪክ ግን አለው። ዲ3ኮልድ ላይ ኤሌክትሪኩም ይቋረጥበታል። የአንቺው ካርድ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበት በዚያው ቀርቷል። በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ የመሣሪያዎቹን ቅንብር በፋይል መልክ በሚያሳይበት ቦታ) ውስጥ የካርዱ ፎልደር ላይ ዲ3ኮልድ_አላውድ የሚል ፋይል አለ። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነሽ 1 የነበረውን 0 አድርጊውና በአርቲሲዌክ ደጋግመሽ አስተኚው። ባትሪው ሲተኛ ከበፊቱ ትንሽ ሊበላ ይችላል።

ዶሮ_ሳይጮህ፦
30 ጊዜ አስተኛሁት፣ 30ውንም ተነሳ! መብራቷ ቦግ ስትል ብታዩ። ግን ሪስታርት ሳደርግ ቁጥሩ ተመልሶ 1 ሆነብኝ።

አሮጌ_ገመድ፦
ይሆናላ፣ ያ ፋይል ዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም። ካርዱ በተገኘ ቁጥር 0 የሚጽፍ አንድ መስመር የዩዴቭ ሕግ ጻፊ። እዚያ ላይ ብቻ አታቁሚ ግን፣ ይሄ ማስታገሻ ነው። የድሮው ከርነል ከቡት ሜኑ ላይ ካልጠፋ በሱ አስነሺና ቁጥሩን ወደ 1 መልሰሽ ሞክሪ። በሱ ከሠራ ጥፋቱ የገባው በሁለቱ መሀል ነው። ጊት ባይሴክት የሚባለው ትእዛዝ ጥፋቱን ያመጣውን የኮድ ለውጥ መንገዱን እያጋመሰ ነው የሚፈልገው፤ 1,000 ለውጥ ቢኖር እንኳ በ10 ሙከራ ገደማ ይደርስበታል።

ዶሮ_ሳይጮህ፦
በድሮው ከ1 ጋርም ይሠራል፣ አሁን አየሁት። 10 ጊዜ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ (ከኮዱ መሥራት) ግን… ቅዳሜ ይሁን።