አስቸኳይ! የእናቴ ጡረታ ተቋረጠ፣ ማሽኑም አሻራዋን እንቢ አለ (ጅማ)

የአጂፑ ልጅ፦ ሰላም ቤቶች፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ። የእናቴ ጡረታ በዚህ ወር ተቋረጠ። ባንክ ስንሄድ «ፋይዳ ያምጡ» አሏት፣ ዲጂታል መታወቂያውን ማለት ነው። ልናስመዘግባት ሄድን፣ ማሽኑ ጣቷን አያነብም። በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትጫናለች፣ ልጁ «እማማ፣ ጫን ያድርጉት» ይላል፣ ያው ቀይ ነው። «ሌላ ቀን ኑ» ብሎ ሸኘን። የግፊት መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው፣ ምን ላድርግ?

መዝገቡ፦ በቅድሚያ መብታችንን እንወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤና ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አረጋዊ ማለት የአገር ባለውለታ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ...

ፈረንጅ አራዳ፦ ጋሼ፣ አንቀጿን ማሽኑ ላይ ይለጥፉልን ኪኪኪ

እቴ ዘ፦ እጇን ለብ ባለ ውኃ ትታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ትንሽ ቅባት። ለአክስቴ ሠርቷል። እናትህ ምን ትሠራ ነበር?

የአጂፑ ልጅ፦ ቡና መጋዘን ለቃሚ ነበረች። ጡረታው ግን የአባቴ ነው፣ የመንግሥት ሹፌር ነበር። ሲሞት ለሷ ግማሹ ተወሰነላት።

ቀልደኛው፦ እማማ ደብቀውህ አግብተው እንዳይሆን አበሉ የቆመው?

የአጂፑ ልጅ፦ ተው እንጂ፣ አጠገቤ ናት፣ ትሰማሃለች።

ኩሊ፦ ወንድሜ፣ ጡረታው ተቋረጠ ያለህ ማነው? ወሳኙና ላኪው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ባንኩ አስተላላፊ ነው። ገንዘቡ ገብቶ ሒሳቡ ታግዶ ይሆናል። የባንክ ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) አስወጣ። ከገባ ጉዳይህ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ነው። ካልገባ የጡረታ መለያ ቁጥሯን ይዘህ ጡረታ ቢሮ። ሳታውቅ ሁለቱም ጋ ብትሮጥ አንዱ ወደ ሌላው እየመራህ ትከርማለህ።

ሀዩ፦ ለብ ያለ ውኃ ሞክሩ።

እቴ ዘ፦ ተብሏል እኮ።

ቴክኖ ጅሬን፦ ፋይዳ ጣት ብቻ አይደለም። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና ፎቶ ይወስዳል። የማይነበበውን ጣት መዝጋቢው በልዩ ሁኔታ ምልክት አድርጎ ማለፍ ይችላል፣ ሲስተሙ ላይ አለ። ልጁ አላወቀው ይሆናልና ኃላፊውን ጥሩ። ምዝገባው ነፃ ነው፣ «ቶሎ ላስጨርስላችሁ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ።

አባ ቦር፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ውክልና ትስጥህና አንተ አውጣላት። አባቴ መራመድ ሲያቅተው የውክልና ባለሙያው ቤት ድረስ መጥቶ አስፈርሞታል።

ኩሊ፦ ውክልናው ለክፉ ቀን ጥሩ ነው። ግን ሒሳቡ የሷ ነው፣ ፋይዳውም የሚጠየቀው የሷ።

ሕግ ነክ፦ አሁንም እንቢ ካሉ በቃል አትከራከር። ማመልከቻ ጻፍ፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ይሻላል፣ በር ላይ የሚጽፉ አሉ። በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንተ ጋ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፍ። ያ ወረቀት ከሌለህ «አልመጣህም» ይሉሃል። ከዚያ ወዲያ እንባ ጠባቂ አለ፣ ኢሰመኮም (የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ) እዚሁ ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው። የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ብትጀምር ማመልከቻውንም ያግዙሃል።

መዝገቡ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

እቴ ዘ፦ መድኃኒቱስ? የጤና መድን ደብተር ካላት ታድሶ ከሆነ ጤና ጣቢያ በሱ ትውሰድ፣ ባንኩን አትጠብቁ።

የአጂፑ ልጅ፦ ደብተሩ አለ፣ መታደሱን አላውቅም። ስቴትመንቱን ነገ ጠዋት አስወጣለሁ። ኃላፊውን ምን ብዬ ልጠይቀው?

ቴክኖ ጅሬን፦ «አሻራዋ ስለማይነበብ በልዩ ሁኔታ መዝግቧት» በለው። ዓይኗን መጀመሪያ እንዲያነሳ አድርግ።

አጋሮ 2፦ ይቅርታ ልግባና፣ የኔ አያት ዓይናቸው ሞራ አለበት። አሻራውም አይሪሱም እንቢ ቢልስ?

ፈረንጅ አራዳ፦ ራስህን ችለህ ጠይቅ ወንድም፣ እዚህ ጠፍተህ ትቀራለህ።