የጋራ ባክአፕ ማሽን፦ ለጠቅላላ ስብሰባ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊው
ረቂቁ ይኸውና። ባለፈው ዓመት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። አንድ ማሽን፣ አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ራም 16 ጊጋ፣ ሲስተሙ ትሩናስ (ለፋይል ማስቀመጫ ማሽን የተሠራ)። ዲስኮቹን አንድ ላይ በሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ ላይ ሬይድ ዜድ 2 እናደርገዋለን። ሁለት ዲስክ አብሮ ቢሞት እንኳ ዳታው ይተርፋል። የሚቀረን 8 ቴራባይት ነው። አሥራ ስድስት ነን፤ ለሰው 500 ጊጋ ይደርሰዋል። አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ።

ሒሳብ ያዥ
8 የሚለውን ቁጥር አልፈርምበትም። ባለ 4ቱ ዲስክ ሲሰካ 3.64 ነው የሚለው። የሁለቱ 7.28 ይሆናል። ሰው የሚከፍለው ለ8 ነው። ቀሪው የት ገባ? በፍላሾቹ ጊዜም እንዲሁ ተብሎ፣ በኋላ ሁሉም የመጣው እኔ ላይ ነው።

ፔንግዊን
የትም አልገባም። ዲስክ የሚሠሩት አንድ ቴራ የሚሉት አንድ ትሪሊዮን ባይትን ነው። ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ ይቆጥርና ያንኑ ቴራባይት (ቲቢ) ብሎ ይጽፈዋል። ማክ ከ2009 ጀምሮ በ1000 ነው የሚያሳየው፤ ያንኑ ዲስክ እሱ ላይ ብትሰኪው 4 ይልሻል። ባይቱ ያው ነው። ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሒሳብ ያዥ
ዋናው ነገር ይኸው ነው። አባሉ የሚያየው ስክሪኑን ነው። 500 ተብሎ ከፍሎ 465 ሲያይ «35ቱን ማን በላው?» ይላል። የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ደግሞ ታውቃለህ።

አሮጌ ላፕቶፕ
የእኔ ማሽን ዊንዶውስ 10 ላይ ነው ያለው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ፕሮሰሰሩ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ ዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚህ ብዙ ነው። መጀመሪያ የያዝነው ማሽን አይስተካከልም ወይ?

ፔንግዊን
ለሒሳብ ያዥ፦ ሊኑክስ ላይ ዲኤፍ የሚለውን የዲስክ ቦታ ማሳያ ትእዛዝ በትንሹ ኤች ብትጽፊ በ1024 ያሳይሻል፣ በትልቁ ኤች በ1000። ማንም ምንም አልበላም። ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይህቺን ማወቅ ነበረበት።

ሒሳብ ያዥ
እንደሱ ነው? እሺ። መዝገቡን መጥተህ ውሰደው። ስንት ሰው እንደከፈለ፣ ስንት ሰው «ነገ» እያለ እንደሚያመላልሰኝ ያኔ ታየዋለህ። የራስህ መዋጮም ከነሱ ውስጥ ነው።

ፔንግዊን
መዋጮዬን እዚህ ምን አመጣው?

ቀይ ኬብል
ተዉ እንጂ። ቁጥሩ ላይ እሷ ትክክል ናት፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዜድኤፍኤስ ላይ ኮታ (የቦታ ገደብ) 500ጂ ብለህ ስትሰጥ የሚወስደው በ1024ቱ ነው። 16 ሰው በ500 ሲባዛ 8000። ለ1024 ሲካፈል 7.8። ያለን ደግሞ 7.28 እንኳ አይሞላም። ሁሉም ድርሻውን የሞላ ቀን መጨረሻ የመጣው ሰው ቦታ ያጣል። ፑሉም (የዲስኮቹ የጋራ ቦታ) እስከ አፉ አይሞላም፤ ከ80 በመቶ ሲያልፍ መንቀርፈፍ ይጀምራል። በ80 በመቶ ሲሰላ ለሰው 370 ገደማ ነው። 350 ብላችሁ ጻፉ።

ጸሐፊው
350? ሰው ባለፈው እጁን ያወጣው ለ500 ነው። ይህን ይዤ ስብሰባ ፊት አልቆምም።

ሒሳብ ያዥ
እኔ 35 ጎደለ ስል ነገር ፈላጊ ሆንኩ። አሁን የጎደለው 150 ነው።

ፔንግዊን
ሬይድ ዜድ 1 እናድርገዋ። የአንድ ዲስክ ቦታ ብቻ ነው የሚሄደው፣ 12 ቴራ ይተርፋል። ወጪ ለመቀነስ ደግሞ አንዱን ዲስክ እኔ እሰጣለሁ። ባለ 4 ቴራ ነው፣ በደንብ ይሠራል። ስማርቱን (ዲስኩ ስለ ጤናው የሚይዘውን መዝገብ) ይኸው፦ 5 ቁጥር ላይ 0፣ 197 ላይ 8፣ 199 ላይ 41።

ቀይ ኬብል
199 አያስፈራም፤ አብዛኛውን ጊዜ የኬብል ጣጣ ነው፣ ኬብሉ ሲቀየር መጨመሩን ያቆማል። 197 ላይ ያለው 8 ግን ዲስኩ ማንበብ አቅቶት በቀጠሮ ያስቀመጣቸው ሴክተሮች ናቸው። 5 ቁጥር፣ የተቀየሩ ሴክተሮች ቆጠራ፣ ዜሮ ስለሆነ ጤነኛ መስሎህ ይሆናል። ገና አልተቀየሩም ማለት ነው እንጂ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። አመሰግናለሁ፣ የሰው ፎቶ ግን እሱ ላይ አይቀመጥም።

ዜድ 1ንም አልደግፍም። አንዱ ሞቶ አዲሱን ስታስገባ የቀሩት ዲስኮች ላይ ያለው ሁሉ ይነበባል። አንድ ቀን ተገዝተው አብረው ያረጁ ዲስኮች ናቸው። የደከመው ሁለተኛ ዲስክ ጉዱ የሚወጣው ያኔ ነው። ባለፈው ዓመት የሆነው ይኸው አይደል?

ረቂቁ የዲስኩን ዓይነትም አይልም። ሲኤምአር (ትራኮቹ የማይደራረቡበት) ተብሎ ይጻፍ። ኤስኤምአር ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርባል፤ አንዱን ለመጻፍ ጎረቤቱንም ደግሞ መጻፍ ያስፈልገዋል። ለንባብ ደህና ነው። ዲስክ ተቀይሮ ፑሉ ሲጠገን ግን ይንፏቀቃል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ «ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል። ይህ በ2020 እ.ኤ.አ. ትልቅ ክርክር ነበር። ዌስተርን ዲጂታል ለናስ (በኔትወርክ ለሚያገለግል የፋይል ማስቀመጫ) ብሎ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ ኤስኤምአር እንደሆኑ ያመነው ያኔ ነው። ሬድ ፕላስ የሚለው ስም የመጣውም ሲኤምአሮቹን ለመለየት ነው። ስለዚህ ገዢው ሰው የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክር። «ለናስ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

ሌሊት ወፍ
ማሽኑ እኔ ጋ ይቀመጥ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አለኝ። ዲስኮቹንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከዳር እስከ ዳር ጽፌ አንብቤ እፈትሻቸዋለሁ። ይህን ለእኔ ተዉት።

ጸሐፊው
ሌሊት ወፍ ተብሎ ተመዘገበ። አሁን 8 ይጻፍ ወይስ 7.28?

ሒሳብ ያዥ
7.28።

ፔንግዊን
8። ካርቶኑ ላይ ያለው፣ ደረሰኙም ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ደረሰኙ 8 እያለ አንቺ 7.28 ብትጽፊ ያኔ ነው ጥያቄ የሚመጣብሽ።

ሒሳብ ያዥ
በደረሰኝ ጉዳይ አንተ አታስተምረኝም።

ሰብሳቢ
በቃ። ሁለታችሁም ለማኅበሩ የደከማችሁ ልጆች ናችሁ፣ እንዲህ አትነጋገሩ። ሁለቱም ቁጥር ይጻፍ። መዋጮው በግል ይነገራል፣ እዚህ አይነሳም።

ሒሳብ ያዥ
እሺ ጋሼ፣ ለእርስዎ ስል። ግን 7.28 ይቅደም።

ፔንግዊን
ጋሼ ያሉት ይሁን። የትኛው እንደሚቀድም ግን አልተናገሩም።

ቀይ ኬብል
አንድ ነገር ልጠይቅ። ማሽኑ ያለበት ቤት ውሃ ቢገባ ወይ ማሽኑ ቢሰረቅ ሁለተኛው ቅጂ የት ነው ያለው? ሬይድ ባክአፕ አይደለም። ፋይል በስህተት ሲጠፋ ከአራቱም ዲስክ እኩል ነው የሚጠፋው። የባክአፕ ደንቡ ይኸው ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ረቂቁ ውስጥ አንዱም የለም።

አሮጌ ላፕቶፕ
እኔም ጥያቄዬ አልተመለሰም። ላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ነው ያለው፣ ለመነሳት ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ባክአፕ የሚደረገው ነገር የሚሠራው እኮ እሱ ላይ ነው።

ፔንግዊን
ያንተ ቀላል ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) አስገባበትና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ጫንበት። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። ለድሮ ላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ) ይበቃል፤ 550 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ያነባል። ዋናው ትርፍ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ትንንሽ ፋይል ፍለጋ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ሲያመላልስ ነው ማሽኑ የሚታነቀው። ኤስኤስዲ ላይ እሱ የለም። ኤም 2 ቀዳዳ ካለው ግን የሚቀበለው ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) መጀመሪያ አረጋግጥ፣ ቅርጹ ያታልላል። ከፈለጋችሁ መጫኑን እኔ እሠራለሁ።

ሰብሳቢ
ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለ ማሽን ያለው?

ጸሐፊው
እስካሁን በግል የጻፉልኝ ስምንት ናቸው።

ሒሳብ ያዥ
የእኔን ሚንት እንዳትነኩት፣ የምሠራበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ኤስኤስዲው ግን ይመዝገብልኝ። ደግሞ ይህ ይሻላል። እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን በእጁ ይረከባል፣ ይፈርማል፣ አለቀ።

ጸሐፊው
ሌሊት ወፍ፣ ማሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ፎቶ ላክልኝ። ከትናንት ጀምሮ እየጠየቅኩህ ነው።

ጸሐፊው
ሌሊት ወፍ?

ጸሐፊው
የተሻሻለው ረቂቅ። አንድ፣ ለሚፈልጉ አባላት ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በጋራ ይገዛል፤ ሚንት መጫኑን ፔንግዊን ይሠራል። ሁለት፣ በቀረው ገንዘብ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሲኤምአር ዲስክ ተገዝቶ በሚረር ይሠራል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ማሽኑ አዲስ አይገዛም፣ ሰብሳቢ ጋ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ዴቢያን ሊኑክስ ይጫናል። ድርሻ 180 ጊጋ፣ በ1024 የተሰላ። ፎቶና ሰነድ ብቻ፣ ፊልም አይገባም።

ቀይ ኬብል
ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ቅጂስ?

ጸሐፊው
ለሚቀጥለው ዓመት።

ቀይ ኬብል
ባለፈው ዓመትም የተባለው ይኸው ነበር። ቢያንስ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ይጨመርና በየወሩ አንድ ሰው ቤቱ ይውሰደው። ወጪው የሁለት ኤስኤስዲ ያህል ነው።

ሒሳብ ያዥ
የየትኞቹን ሁለት ሰዎች ኤስኤስዲ ልሰርዝ? ስም ንገረኝ።

አሮጌ ላፕቶፕ
የእኔን እንዳይሆን። ቀዳዳውን ከፍቼ አይቻለሁ፣ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ጻፉኝ።

ሰብሳቢ
ዓርብ ደርሷል። ረቂቁ እንዳለ ይቅረብ። የኤክስተርናሉ ነገር በስብሰባው ላይ በቀይ ኬብል ይነሳ። ዲስክ የሚፈትሽ ሰው ግን አሁንም የለንም፤ ፈቃደኛ የሆነ ለጸሐፊው ይንገረው።